ከአንድ ኮምባይነር ፊት አራት መቶ ስድሳ ስድስት ቀይ ጨርቅ

የአገሩን ስም አልጠራም። ስም ለመጥራት ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ በዚያ ሰሞን ለእድሳት ተዘግቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ። ከተማዋን "ከተማዋ" ካልኩ ይበቃል። ነገሩን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከኮምባይነሩ አፍንጫ አርባ እርምጃ ቀድሜ፣ ቀይ ጨርቅ ይዤ የሄድኩት ሰው እኔ ነኝና።

ኮምባይነሩን የሚነዳው ዘርጋው ይባላል። ቁመቱ አጠር፣ አንገቱ ወፈር ያለ፣ ከሰው ይልቅ ከሞተር ጋር መነጋገር የሚቀለው ጎልማሳ ነው። ከተማዋ ያላት ኮምባይነር አንድ ነው፤ ያንንም ከዘርጋው በቀር የሚነዳው የለም። የዚያን ዓመት ስንዴ በደረሰ ጊዜ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቃ ካለች መንደር ታላቅ እህቱ እትዬ ደብሪቱ መልእክት ላከችበት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ለብቻዋ የያዘች ሴት ናት። መልእክቷ እንዲህ ይላል፦

"ወንድሜ፣ ሃያ ጥማድ ስንዴ ቆሞ ይጠብቅሃል። ጉንዳን ዕንቁላሉን ተሸክሞ ግድግዳ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ዝናቡ ከሐሙስ አያልፍም። ዝናቡ ከቀደመህ ዓመቱን ሙሉ የምበላው ያንተን ይቅርታ ነው።"

ቀኑ ሰኞ ነበር።

ዘርጋው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። በዚያው ጠዋት የኮምባይነሩን ማጨጃ ፈታ። ይህ ማጨጃ ከማሽኑ ፊት ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ ጥርሱን አግጥጦ የሚቆም ስድስት ሜትር ብረት ነው። እሱን እንደ ተሸከመ መንገድ የወጣ ኮምባይነር ከፊቱ የሚመጣውን ሁሉ ያጭዳል፤ ስንዴ ይሁን ሚኒባስ አይለይም። ዘርጋው ማጨጃውን ፈትቶ ከማሽኑ ኋላ በተያያዘ ተጎታች ላይ በቁመቱ አጋደመው። በሰንሰለት አሰረው፤ ሰንሰለቱን ነቀነቀው፤ አላመነውም፤ ደግሞ አሰረው። የእህል ማፍሰሻውን ቱቦ አጥፎ ቆለፈ። ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት የፍሬን መርገጫዎች አንድ ላይ አያያዛቸው፤ አንዱ ብቻ ከተረገጠ ማሽኑ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ወገን ይጥላልና። መስተዋቱን ጠረገ። መብራቱን ሞከረ። ከዚያ ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ስፋት ሹሙ ሄደ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው የሚሉ አሉ።

የስፋት ሹሙ አቶ ቢያድግልኝ ይባላሉ። በዚያ አገር ለስፋት፣ ለከፍታና ለርዝመት ለየብቻ ሹም አለ። የከፍታ ሹሙ የሚሠሩት ሰኞ ሰኞ ብቻ ነው። የርዝመት ሹሙ ደግሞ ጡረታ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ሲሆን ሰው አልተተካባቸውም። ስለዚህ በዚያ አገር ማናቸውም ነገር የፈለገውን ያህል ቢረዝም ከልካይ የለውም።

"ስፋቱ?" አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

"ሦስት ሜትር ነው ጌታዬ። ማጨጃውን ፈትቼዋለሁ።"

አቶ ቢያድግልኝ የማሽኑን ሊብሬ ገለጡ። "ሊብሬው ስድስት ይላል።"

"እሱ ማጨጃው ሳይፈታ ነው።"

"ሊብሬው ላይ ፈትተኸዋል?"

"ሊብሬ ላይ በምን ይፈታል ጌታዬ? ብሎኑ ያለው ማሽኑ ላይ ነው!"

"እንግዲያው ስድስት ነው።"

"እባክዎ ይምጡና በሜትር ይለኩት።"

አቶ ቢያድግልኝ ሥራ ጠል ሰው አይደሉም፤ መጡና ለኩት። ሦስት ሜትር ሆነ። ሜትሩን አገላብጠው አዩት፤ ወደ ፀሐይ አንሥተውም አዩት። "ሜትሩ ተበላሽቷል፤" ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

"ፍሬኑንስ አያዩልኝም?" አለ ዘርጋው፤ በመርገጫዎቹ ትንሽ ኩራት ተሰምቶት ነበር።

"እኔ ስፋት ነኝ።"

ሕጉ አጭር ነው። ከአራት ሜትር የሚሰፋ ጭነት በሕዝብ መንገድ ሲሄድ፣ ቀይ ጨርቅ የያዘ ሰው አርባ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። ደግ ሕግ ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ፤ ሱቄ ከኮምባይነሩ ግቢ አጠገብ ስለሆነና ቀይ ጨርቅ ስላለኝ ተመረጥኩ። ጨርቄን ይዤ ከበሩ ስወጣ ግን አቶ ቢያድግልኝ ጠሩኝ።

"አንተ፣ መንገድ መሐል ልትሄድ ነው?"

"አዎን ጌታዬ።"

"መኪና ቢገጭህስ?"

"ቀይ ጨርቅ ይዣለሁ።"

"ጨርቁ ኮምባይነር እንደሚመጣ ነው የሚናገረው። አንተ እንደምትመጣ ማን ይናገርልህ?"

ስለዚህ አርባ እርምጃ ከፊቴ እኔን የምትናገር አንዲት ሽሮ ፈጪ ቆመች። ሽሮ ፈጪዋም መንገድ መሐል ናትና እሷን የሚናገር አስፈለገ። እሱንም የሚናገር። ዘርጋው ከማሽኑ ላይ ሆኖ ይህን ሲያይ ቆየና በትሕትና ጠየቀ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ነገር የት ነው የሚያበቃው?"

"መንገዱ በሚያበቃበት።"

ከአንድ ሹም አፍ እንዲህ ያለ ቁልጭ ያለ መልስ ሲወጣ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። መንገዱ የሚያበቃው እትዬ ደብሪቱ ማሳ ዳር ነው። በእርምጃ ሲሰላ አራት መቶ ስድሳ ስድስት ሰው ሆነ።

"እስከ ሐሙስ ያን ሁሉ ሰው ከየት አመጣለሁ!" አለ ዘርጋው፤ ባርኔጣውን አውልቆ መሪው ላይ ጣለ።

ሰው ግን ሞልቷል። በዚያች ከተማ በየቀኑ ስብሰባ አለ። ስብሰባን ስለ ማሳጠር የተከፈተው አጀንዳ ብቻውን ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ከስብሰባ የሚያስቀር ምክንያት ሁለት ነው፤ አንዱ ሞት፣ እሱም በማስረጃ፤ ሁለተኛው በሕዝብ መንገድ ደኅንነት ሥራ ላይ መሰማራት። ወሬው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሰማ። ማክሰኞ ማለዳ ከግቢው በር ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። ቀይ ቀሚሷን ቀድዳ የመጣች አለች፣ የአልጋ ልብስ የለበሰ አለ፣ የኳስ ቡድን ማሊያ በዱላ የሰቀለ አለ። አንዱ ጨርቅ ቢያጣ በርበሬ በክር ሰክቶ መጣ፤ አቶ ቢያድግልኝ አይተው፣ "ስፋቱ ያንሳል፤" ብለው መለሱት።

ከሁሉ በኋላ የስብሰባው ሊቀ መንበር አቶ ምንይችል ራሳቸው መጡ። አዳራሹ ባዶ ሆኖባቸው ብቻቸውን ሦስት ሰዓት ተሰብስበው፣ ሰልፉ ውስጥ ይግቡ አይግቡ በሚለው ላይ ድምፅ ሰጥተው፣ በሙሉ ድምፅ አልፎላቸው ነበር። የመጨረሻው ተመዝጋቢ ስለሆኑ የሚቆሙት ከሁሉም ፊት፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ሆነ። ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለእያንዳንዱ ሰልፈኛ አጭር ንግግር እያደረጉ ሄዱ። ማሳው ዳር የደረሱት ማክሰኞ ማምሻውን ነው።

ረቡዕ ማለዳ "ሞላ!" የሚል ጩኸት ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ከማሳው ዳር እስከ ግቢው በር መጣ። ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። አቶ ቢያድግልኝ እጃቸውን አነሡ፤ ዘርጋውም ሞተሩን አስነሣ፤ ኮምባይነሩ በሰው እርምጃ ልክ፣ በየአርባው እርምጃ ቆሞ ሰልፉ እስኪስተካከል እየጠበቀ ወጣ።

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ተደስቼ አላውቅም። መንገዱ በኮረብታው ላይ ተዘርግቶ፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ በአርባ በአርባ እርምጃ ቀይ ቀይ ነጥብ ይታያል። ሽሮ ፈጪዋ እየሄደች ትዘፍናለች። ረፋድ ላይ ከሰልፉ ፊት አንዱ ቀልድ ተናገረ። ቀልዱ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ሳቁ ግን ደረሰ። ከሩቁ ኮረብታ እንደ ጎርፍ ድምፅ እያጉረመረመ ወረደ፣ ሽሮ ፈጪዋን ሆዷን አስያዛት፣ እኔን አንበረከከኝ፣ ከዚያ ዘርጋውን መሪው ላይ ደፋው።

"ምን ተባለ?" አለኝ እንባውን እየጠረገ።

"እኔ እንጃ!"

"ታዲያ ምን ያስቅሃል?"

"አንተንስ?"

ትንሽ እንደ ሄድን ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሞ አገኘን። ሾፌሩ ወርዶ ጎማው ሥር ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ለካስ አራት መቶ ሰው አልፎ መምጣቱ ነው፤ እያንዳንዱም፣ "ተጠንቀቅ፣ ሰፊ ነገር እየመጣ ነው፤" ብሎታል። መቶኛው ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ሁለት መቶኛው ላይ ጸለየ፣ ሦስት መቶኛው ላይ ለሚስቱ ደወለ።

ኮምባይነሩን ሲያይ ቀስ ብሎ ተነሣ። "ይቺው ናት?"

"ይቺው ናት፤" አለ ዘርጋው።

"እኔ እኮ ተራራው ራሱ ተነሥቶ የሚመጣ መስሎኝ!"

ዘርጋው ግን የሚያየው የሰውየውን መኪና ነበር። ሽንኩርቱ ከጋቢናው በላይ ሁለት ሰው ቁመት ተከምሯል፤ ገመድ የሚባል አልዞረበትም፤ ከላይ አምስት ሰው ተቀምጦ ሽንኩርት እየላጠ ይበላል።

"ይሄን ያየው ሹም የለም?" አለ ዘርጋው።

"ይህ ከፍታ ነው፤" አሉ ከማሽኑ ጎን ጎን በእግራቸው የሚሄዱት አቶ ቢያድግልኝ። "ዛሬ ረቡዕ ነው።"

ዘርጋው ማሽኑን አቁሞ ወረደ። "ውረዱ እናንተ! የሽንኩርት ለቅሶ ሳያንስ የሬሳ ልታስለቅሱ ነው?" ብሎ አምስቱንም አወረዳቸው። ትርፍ ገመዱን አውጥቶ ሽንኩርቱን ግራና ቀኝ ጠፍሮ አሰረው፤ ነቀነቀው፤ ደግሞ አሰረው። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሲጨርስ ሰማዩን አየ። ተራራው ጫፍ ላይ የጡጫ ያህል ደመና ተቀምጧል።

ደመናውን እትዬ ደብሪቱም አይታዋለች። "ወንድሜ የት ደረሰ?" የሚል ጥያቄዋ ከአፍ ወደ አፍ መጣ። ዘርጋው፣ "ሽንኩርት እያሰርኩ ነው፤" ብሎ መለሰ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሷ ደረሰ። እዚህ ላይ ባልጽፈው ይሻላል፤ አራት መቶ ስድሳ አምስት ሰው ግን እየጮኸ አስተላልፎታል።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። የድልድዩ ስፋት አራት ሜትር ነው። አቶ ቢያድግልኝ ሊብሬውን አወጡ፣ ድልድዩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስድስት በአራት አያልፍም።"

"ጌታዬ፣" አለ ዘርጋው፤ "እህቴ ሃያ ጥማድ ስንዴ ቆሞባታል። ይህን ድልድይ በየዓመቱ እሻገረዋለሁ። ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ይተርፈኛል።"

"አምንሃለሁ። ግን ቢያልፍ ሊብሬው ውሸታም ሊሆን ነው። በመንግሥት ማኅተም ያለ ወረቀት ውሸታም ሲሆን ቆሜ ልይ?"

ዘርጋው መሬት ላይ ቁጭ አለ። አቶ ቢያድግልኝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲያዝን ማየት አይችሉም። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ወረቀት አውጥተው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ኮምባይነሩ ከድልድዩ ወዲህ ማዶ ቀርቷል። ሾፌሩ ከተቀመጠበት ነገር ጋር ተሻግሯል።"

ዘርጋው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወደ መሪው ተመልሶ ወጣና፣ የተቀመጠበትን ነገር እያንቀሳቀሰ፣ ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሜትር ተርፎት ተሻገረ።

በፊት በኩል ግን ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። ይህን የሰማሁት በኋላ ከራሷ ከእትዬ ደብሪቱ ነው። ኮምባይነሩ አርባ እርምጃ በሄደ ቁጥር ሰልፉ አርባ እርምጃ ይገፋል። ሰልፉ ሲገፋ ከሁሉም ፊት ያሉት ሊቀ መንበር አቶ ምንይችል መንገድ አለቀባቸው። ስንዴው ውስጥ ገቡ።

"ወዴት ነው ስንዴዬን እየረገጡ?" አለች እትዬ ደብሪቱ፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መጣች።

"ግድ ሆኖብኝ ነው እመቤቴ። ከኋላ እየገፉኝ ነው።"

"ማሽኑ የታለ?"

"ከኋላችን ነው።"

"ምን ያህል ከኋላ?"

"ከግቢው በር አፍንጫውን አውጥቷል ተብሏል።"

እትዬ ደብሪቱ ተራራውን አየች። መንገዱን አየች፤ ቀይ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ወደ ማሳዋ እየተንጠባጠቡ ነው። ከዚያ ሊቀ መንበሩን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

"እጅዎ ምን ይዟል?"

"ቀይ ጨርቅ።"

"ሌላኛውስ?"

አቶ ምንይችል ሌላኛውን እጃቸውን አዩት። ያንን እጅ ለብዙ ዓመታት ድምፅ ለመስጠት ካልሆነ አንሥተውት አያውቁም። እትዬ ደብሪቱ ማጭድ አስጨበጠቻቸው።

ኮምባይነር ከመጣ ወዲህ በመንደሩ ማጭድ ሁሉ በየቤቱ ጣራ ሥር ተሰክቶ ዝጎ ነበር። ጎረቤት ተጠራ፣ ማጭድ ወረደ፣ ድንጋይ ላይ ተሳለ። ከመንገዱ ጫፍ የወደቀ ሰልፈኛ ሁሉ፣ ማጭድ የደረሰው ያጭዳል፣ ያልደረሰው ነዶ ያሥራል፣ ማሠር የማያውቀው ይሸከማል። ጨርቁን መሬት ማስቀመጥ በሕግ ስለሚያስጠይቅ ሁሉም ራሱ ላይ አሠረው። ሊቀ መንበሩ አንድ ጊዜ ቀና ብለው፣ "ውድ ተሰብሳቢዎች..." ሊሉ ሲጀምሩ እትዬ ደብሪቱ፣ "ጎንበስ ይበሉ ጋሼ፣ ገለባው ለከብት ነው፤ ከሥሩ ይጨዱት!" አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ቀና አላሉም።

እኛ ይህን አናውቅም። የምናውቀው ከፊት የሚመጣው መልእክት መቆሙን ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ በየቆምንበት አደርን፤ ሐሙስ ረፋድ ዘርጋው፣ "እትዬ፣ ግማሹን አልፌያለሁ!" ብሎ ላከ። መልስ የለም። ቀትር ላይ፣ "እትዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሻለሁ!" አለ። መልስ የለም። ሳቅም አልመጣም። ደመናው ከጡጫ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ሰማይ ሙሉ ሆኗል።

"ተቀይማኛለች፤" አለ ዘርጋው። "ወይም ዘንቦባታል።"

"ቢዘንብ እኛም ጋ ይሸት ነበር፤" አልኩት።

"እንግዲያው ተቀይማኛለች።" ፊቱን አዞረ። ያን ጊዜ ማሽኑን በሙሉ ኃይሉ ቢለቀው ማን ይከለክለው ነበር? ከፊቱ ግን እኔ አለሁ፣ ከእኔ ፊት ሽሮ ፈጪዋ አለች። ዘርጋው በሰው ላይ የሚነዳ ሰው አይደለም። ጥርሱን ነክሶ በእርምጃችን ልክ ተከተለን።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ኮረብታ ስንወጣ ሽሮ ፈጪዋ ቀድማ ጫፉ ላይ ደረሰችና ቆመች። ከዚያ ጨርቋን አርገብግባ እልል አለች።

ማሳው ተላጭቷል። ሃያው ጥማድ፣ ከአንድ ጥግ በቀር፣ እንደ ሙሽራ ራስ ተላጭቶ ያበራል። መሐሉ ላይ አራት ክምር ቆሟል፤ ጫፋቸው ሾሎ፣ ተከድነው። ዙሪያውን ከአራት መቶ የሚበልጥ ሰው ቀይ ጨርቅ ራሱ ላይ አሥሮ፣ ፊቱ በገለባ ነጥቶ ይርመሰመሳል።

ዘርጋው ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። እትዬ ደብሪቱ መጣች፤ አንገቱን አቅፋ ግራና ቀኝ ሳመችው።

"እትዬ፣ ዘገየሁብሽ።"

"ዘገየህብኝ።" ጥግ ላይ የቀረችውን ጥማድ በአገጯ አሳየችው። "ያቺን ለአንተ ብዬ አስቀርቻታለሁ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተህ በሰው ፊት ባዶህን እንዳትቆም።"

ዘርጋው ተጎታቹ ላይ የታሠረውን ማጨጃ አየ። ሰንሰለቱን መፍታት፣ ማጨጃውን መግጠም፣ ብሎኑን ማጥበቅ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው። የመጀመሪያዋ ጠብታ አፍንጫው ላይ አረፈች። ማጨጃውን ተወው። ከአንዱ ሰውዬ እጅ ማጭድ ነጥቆ ወደ ጥማዷ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት፤ ሽሮ ፈጪዋም።

"እርስዎስ ጌታዬ?" አለች እትዬ ደብሪቱ አቶ ቢያድግልኝን።

"እኔ ስፋት ነኝ።"

"ስንዴውም ሰፊ ነው፤ ይግቡ!"

ገቡ። መጀመሪያ ክንዳቸውን ዘርግተው ለኩት፤ ኋላ ግን እንደ ማንም አጨዱ።

የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ሲወጣ ሰማዩ ተቀደደ። ሰው ሁሉ ከዝናቡ ለመጠለል ወደ ኮምባይነሩ ሆድ ሥር ሮጠ። በሊብሬው ስድስት ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው ይይዛል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ዝናቡ ግን ሊብሬ አላነበበም፤ ከሦስት ሜትሩ የተረፈው ሁሉ በሰበሰ፤ አቶ ቢያድግልኝም ጭምር። ያን ጊዜ የተሳቀው ሳቅ ምክንያቱ ለሁላችንም ግልጽ ነበር።

ዘርጋውና እህቱ ጎን ለጎን መሰላሉ ሥር ተቀምጠዋል። ውሃው ከክምሮቹ ጫፍ እየተንሸራተተ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ወደ ውስጥ አንድም ጠብታ አልገባም። እትዬ ደብሪቱ ክምሮቿን በጣቷ ቆጠረች።

"ዘርጋው።"

"አቤት እትዬ።"

"ለከርሞ ማሽኑን አታድክመው። ሰዎቹን ብቻ ላክልኝ።"

"ማሽኑ ካልወጣ እኮ ሰዎቹ አይወጡም፣ እትዬ። ሕጉ እንደዚያ ነው።"

እትዬ ደብሪቱ የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀችው።

"እንግዲያስ ይውጣ፤" አለች። "ብቻ እንዳትቸኩል።"